ሲፋፋ ምርት የነሳ ወይን፦ የጄኔቫ ድርብ መጋረጃ የጉዳይ ጥናት

ወይን ሲፋፋ የተከለው ሰው ደስ ይለዋል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሐረጉ ከሽቦ ሽቦ ተሻግሮ ላየው፣ መኸሩ እጥፍ የሚሆን ይመስላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኒውዮርክ ግዛት ኮንኮርድ የተባለውን ወይን ያጠኑ ሰዎች የገጠማቸው እንቆቅልሽ ግን ይህን ደስታ የሚያደበዝዝ ነበር። ደቃቃ ተክል ሲጎለብት ምርቱ አብሮት ያድጋል፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ተክሉ ማደጉን ቀጥሎ ምርቱ ይቆማል። ከዚያ በላይ ሲገፋ ፍሬው ይሳሳል፣ ስኳሩም ያጥራል።

መልሱ አዲስ ማዳበሪያም አዲስ ዝርያም አልነበረም። አንዱን የቅጠል ክምር ለሁለት ከፍሎ፣ ቀንበጡን ከላይ ወደ ታች ማንጠልጠል ነበር። አሠራሩ እስከ ዛሬ «የጄኔቫ ድርብ መጋረጃ» ይባላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰኔ ሲባል ጁን፣ ሐምሌ ሲባል ጁላይ ነው።

ቦታው፣ ዝርያው፣ አሮጌው አሠራር

ጄኔቫ ሲባል የስዊዘርላንዷ አይደለችም። በሴኔካ ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ያለች የኒውዮርክ ከተማ ናት፤ የግዛቱ የግብርና ምርምር ጣቢያ በ1882 ሥራ የጀመረው እዚያ ነው፣ በኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ። የወይን ተመራማሪው ኔልሰን ሾሊስ ወደዚህ ጣቢያ የመጣው በ1944 ነው። ሥራው በጄኔቫ አልተወሰነም፤ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ፣ ኮንኮርድ በብዛት በሚበቅልበት ሰፊ ቀበቶ ውስጥ፣ በፍሬዶኒያ በነበረው የወይን ላቦራቶሪም ሠርቷል።

ኮንኮርድ የአሜሪካ የዱር ወይን ደም ያለበት፣ ብርድ የሚችል ዝርያ ነው። በማሳቹሴትስ፣ ስሙን በሰጠችው ኮንኮርድ ከተማ፣ ኤፍሬም ዌልስ ቡል ከዘር አሳድጎ የመረጠው በ1849 ገደማ ነበር። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የወይን ጭማቂ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ከሆነ፣ የዚህን ፍሬ ጣዕም ያውቀዋል። ለዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ጠባዩ ነው፤ ቀንበጡ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ሲረዝም ይዘነበላል፣ ይንጠለጠላል። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ላይ ወሳኝ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ የተለመደው አሠራር «ጃንጥላ ኒፊን» ይባል ነበር። ግንዱ ከላይኛው ሽቦ አጠገብ፣ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ እስኪል ድረስ ይወጣል። ከራሱ ላይ አራት እስከ ስድስት የሚሆኑ የአንድ ዓመት ቅርንጫፎች ይመረጣሉ። አምና አረንጓዴ የነበሩ፣ ዘንድሮ ቡናማ ሆነው የጠነከሩ ናቸው፤ እዚህ «ዘንግ» እንላቸዋለን። ዘንጎቹ ከላይኛው ሽቦ በላይ ተቆልምመው ጫፋቸው ከታችኛው ሽቦ ጋር ይታሰራል፤ የተዘረጋ የጃንጥላ አጥንት ይመስላሉ። ርካሽ ነው፣ ለመማርም ቀላል ነው። ተክሉ መካከለኛ ከሆነ ዛሬም አያሳፍርም።

ተክሉ ግዙፍ ሲሆን ግን ጃንጥላው እውነተኛ ጃንጥላ ይሆናል። ከቁልምሙ አናት የሚወጡት ቀንበጦች ረዝመው ይወርዱና ከሥራቸው ያሉትን ይሸፍናሉ። ከታች ያለው ዘንግ፣ የራሱ ፍሬ፣ ለከርሞ የሚፈለገውም ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበት እምቡጥ) ሁሉ በጥላ ውስጥ ይውላል።

ጥላው ምን ያህል ነው?

«ጥላ አለበት» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። ጥርት ባለ የበጋ ቀትር ላይ ቅጠል የሚጠቀምበት ብርሃን 2,000 ያህል አሃድ ነው እንበል። የወይን ቅጠል ከዚህ ውስጥ በአማካይ 6 በመቶውን ብቻ ያሳልፋል፤ ቀሪውን ይጠቀማል ወይም መልሶ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ሁለተኛው ንብርብር 120 ያህል ያገኛል፣ ሦስተኛው 7 ብቻ። ቅጠል ከሚያመርተው ስኳር የሚያቃጥለው እንዳይበልጥ ደግሞ ከ15 እስከ 30 የሚሆን ብርሃን ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ቅጠል እንግዲህ ሠራተኛ አይደለም፤ ተቀምጦ በላተኛ ነው። ትንሽ ቆይቶ ይገረጣል፣ ይረግፋል።

የላይኛው ቅጠልስ? ከሙሉ ፀሐይ ሲሶ ያህሉን ካገኘ ሥራው ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ የቀረው ብርሃን ለእሱ ትርፍ ነው። አንዱ ጠግቦ ይተርፈዋል፣ ሌላው ይራባል። ስለዚህ ጉድለቱ የብርሃን ማነስ ሳይሆን የአከፋፈል ነው፤ ቅጠሉን ሰፋ ባለ ገጽ ላይ ማሳሳት ከተቻለ ያው ፀሐይ ብዙ ቅጠል ያበላል።

ብዙ ገበሬ የሚያመልጠው ደግሞ የሚከተለው ነው። የወይን ዘለላ የሚወሰነው በሚታይበት ዓመት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ዘለላ ገና ዘንድሮ፣ ተክሉ በሚያብብበት ሰሞን፣ በአረንጓዴው ቀንበጥ ሥር ባሉት ዓይኖች ውስጥ ይፀነሳል። በእነዚያ ሳምንታት ዓይኑና አጠገቡ ያለው ቅጠል ብርሃን ካገኙ፣ ዓይኑ ዘለላ ያዘለ ይሆናል፤ ጥላ ከዋለባቸው በከርሞው ጸደይ ቅጠል ብቻ ይዞ ይወጣል። የሾሊስ ቡድን ተክሎችን በጨርቅ አጥልቶ፣ ቀንበጡንም በተለያየ አቅጣጫ አሰናድቶ ሲያነጻጽር ያየው ይህንኑ ነው። ጥላ የዘንድሮውን ስኳር ከመቀነሱም በላይ የመጪውን ዓመት ዘለላ ከወዲሁ ይቀንሳል። ውጤቱ በ1966 ታተመ፤ በዓመቱም አሠራሩን ለገበሬ የሚያስረዳ መጽሔት ከጣቢያው ወጣ።

አዙሪቱ ከዚህ ይመነጫል። ጥላ የዋለበት ተክል ፍሬው ስለሚያንስ ጉልበቱን ወደ ቅጠልና እንጨት ያዞራል። ቅጠል ሲበዛ ጥላው ይጠነክራል፣ በከርሞው ፍሬው ደግሞ ያንሳል። ማዳበሪያ መጨመር ይህን አዙሪት ማፍጠን ነው።

ሚዛኑ

ምርመራው የሚጀምረው በክረምት፣ ቅጠል ከረገፈ በኋላ፣ በአንዲት የእጅ ሚዛን ነው። ከተክሉ የተገረዘው የአንድ ዓመት እንጨት ተሰብስቦ ይመዘናል፤ አሮጌ ግንድና ክንድ (በሽቦ ላይ የተዘረጋው ቋሚ ቅርንጫፍ) አይገባበትም። ይህን የተገረዘ እንጨት እዚህ «ግራዥ» እንለዋለን፤ ክብደቱ የተክሉን ጉልበት ይናገራል። በኒውዮርክ «የተመጣጠነ ግረዛ» የሚባለው ዘዴ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ለኮንኮርድ የሚታወቀው ቀመር 30+10 ይባላል። ለመጀመሪያው ፓውንድ (0.45 ኪሎ) ግራዥ 30 ዓይን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፓውንድ 10 ዓይን ይተዋል። 2 ፓውንድ የተገረዘለት ተክል 40 ዓይን ይቀርለታል፤ 4 ፓውንድ፣ ማለትም 1.8 ኪሎ የተገረዘለት 60።

በየተክሉ መመዘን ቀኑን ሙሉ ያስውላል። የሚለምደው ሰው ግን በዓይኑ ገምቶ ይገርዛል፤ በየጥቂት ተክሉ እየመዘነ ግምቱን ያርማል። ሲጀምር ጥቂት ትርፍ ዓይን ትቶ፣ መዝኖ፣ ከዚያ ወደ ቁጥሩ ማውረድ ነው። የተቆረጠ አይመለስምና።

ይህን ባለ 1.8 ኪሎ ተክል እንያዝ። በተክልና በተክል መካከል 2.4 ሜትር ነው። በአንድ ነጠላ ግድግዳ (በአንድ የቅጠል ረድፍ) ላይ 60 ዓይን 60 ቀንበጥ ቢያወጣ፣ በሜትር 25 ቀንበጥ ይሆናል። በኋላ ዘመን የቅጠል አያያዝ ጥናት ጥሩ ነው ያለው ወደ 15 ነው። ግራዡም በሜትር 0.75 ኪሎ ይደርሳል፤ ጤናማው ልክ ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ነገር ይላሉ፦ ተክሉ ቤቱ ጠቦታል።

ዓይኑን መቀነስ ብልሃት ይመስላል። ነገር ግን ሥሩ ያው ትልቅ ሥር ነው። ጥቂት ዓይን ሲቀርለት እያንዳንዱን ቀንበጥ ክንድ የሚያህል አድርጎ ያወጣዋል፣ ከጎን ከጎኑም ሌላ ያበቅላል፤ በሰኔ ጥላው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ተክሉን ከማሳነስ ቤቱን ማስፋት ይሻላል። ያው 60 ዓይን በ4.8 ሜትር መጋረጃ ላይ ሲበተን በሜትር 12.5 ቀንበጥ፣ ግራዡም በሜትር 0.375 ኪሎ ይሆናል። የድርብ መጋረጃ ሒሳብ ከዚህ ማካፈል አይዘልም።

አሠራሩ

በየረድፉ ከአንድ ሽቦ ይልቅ ሁለት ሽቦ፣ እኩል ከፍታ ላይ፣ ጎን ለጎን ይዘረጋል። ከፍታው ከ1.7 እስከ 1.8 ሜትር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 1.2 ሜትር። ምሰሶው 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው ቢሆን፣ 65 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ተቀብሮ 1.75 ሜትር ከመሬት በላይ ይቀራል። በአናቱ ላይ አግድም የሚወጣ የብረት ወይም የእንጨት ክንፍ ይገጠምና ጫፍ ጫፉ ሽቦውን ይይዛል። ሽቦው ጠንካራ፣ የማይለጠጥ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቢሆን ይመረጣል። መሐል ላይ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ገደማ፣ ግንዶቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሦስተኛ ሽቦ አለ።

ጭነቱን ሳያሰሉ ምሰሶ መትከል የተለመደ ስሕተት ነው። በየሦስት ተክሉ አንድ ምሰሶ ቢኖር፣ እያንዳንዱ ተክል 15 ኪሎ ፍሬ ቢይዝ፣ በአንድ ክፍተት 45 ኪሎ ፍሬ ይንጠለጠላል፤ እንጨቱ፣ እርጥብ ቅጠሉና ነፋሱ ሳይታሰብ ነው። በአሮጌው ነጠላ ግድግዳ ላይ ክብደቱ ቀጥታ በምሰሶው ላይ ያርፍ ነበር። አሁን ግን ከምሰሶው 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ በክንፉ ጫፍ ላይ ስለሆነ ይጠመዝዛል። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተለቀመ ሌላው ምሰሶውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። የጫፍ ምሰሶዎቹ ደግሞ በመልሕቅ መታሰር አለባቸው፤ ሁለት ሽቦ ማለት ሁለት እጥፍ ጉተታ ነው።

የረድፍ ስፋት ላይ ድርድር የለም። ረድፍና ረድፍ 3 ሜትር ቢራራቁ፣ ከመጋረጃ መጋረጃ 1.8 ሜትር ይቀራል፤ ለትራክተር መጠነኛ ነው። በ2.7 ሜትር የተተከለ አሮጌ እርሻ ከሆነ 1.5 ሜትር ብቻ ይቀራል። መንኮራኩር ያለፈበት ሁሉ ቀንበጥ ይሰበራል፣ የሁለት ረድፍ መጋረጃዎች ሲዋሰኑም አንዱ ሌላውን ያጠላል። እንዲህ ላለ እርሻ ይህ አሠራር አይሆንም። በ3 ሜትር ረድፍ ግን በሄክታር 3,333 ሜትር የነበረው ግድግዳ 6,667 ሜትር ይሆናል፤ ተክሉም፣ መሬቱም፣ ዝናቡም ያው ነው።

አሮጌ ተክል ሲለወጥ

በክረምት፣ ከመግረዝ በፊት፣ ክንፎቹና ሽቦዎቹ ይገጠማሉ። ተክሉ ከግንዱ አናት አካባቢ የወጡ አራት ጥሩ ዘንጎች ይፈለጉበታል፦ እርሳስ የሚያህል ወይም ትንሽ የሚወፍር፣ ቅርፊቱ የጠቆረ ቡናማ፣ ፀሐይ ላይ ያደገ። ገርጣ ያለ፣ ቀጭን፣ በጥላ የኖረ ዘንግ ቢረዝምም አይመረጥም። ሁለቱ ወደ ግራው ሽቦ፣ ሁለቱ ወደ ቀኙ ይወሰዱና በሽቦው ላይ ግራና ቀኝ 1.2 ሜትር እያንዳንዳቸው ይዘረጋሉ። አንድ እንደዚህ ያለ ዘንግ ከ12 እስከ 15 ዓይን ይኖረዋል፤ አራቱ ተደምረው 48 እስከ 60። ስለዚህ ጠንካራ ተክል በሚለወጥበት ዓመት እንኳ ድርሻውን ያገኛል፤ ምርት ሳይቋረጥ መሸጋገር ይቻላል ማለት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። አንዱን ተክል ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ ማሳለፍ፤ እያንዳንዱ ክንድ 2.4 ሜትር ይረዝማል። እጥፋትና ቁስል ስለሚቀንስ ለአዲስ ተከላ ያመቻል። ለአሮጌ ተክል ግን ያን ያህል ረጅምና ጤነኛ ዘንግ በአንድ ክረምት አይገኝም።

ዘንጉ በሽቦው ላይ ሲጠመጠም አንድ ዙር ወይም አንድ ተኩል ይበቃዋል። ብዙ ከተጠመጠመ ሲወፍር ሽቦው ያንቀዋል። ጫፉ በጥብቅ ይታሰራል፣ መሐሉ ላላ ብሎ። እዚህ ላይ ኮንኮርድ የታወቀ አመል አለው፤ ዘለላው ሲከብድ ክንዱ በሽቦው ላይ ይንከባለላል። ወደ ውጭ ይመለከት የነበረው ቀንበጥ ወደ መሐል ይዞራል፣ በጥንቃቄ የተበጠረው መጋረጃ ይበላሻል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ዓመት ጫፉን በሽቦ ማሰር፣ መሐሉ ላይም ክንዱ እንዳይሽከረከር ማያያዣ ማከል ነው። በገመድ ብቻ የታሰረ ክንድ በሁለተኛው መኸር ይወድቃል።

ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ ክንዱ ቋሚ ነው፤ ግረዛው በእሱ ላይ ይሆናል። ለ60 ዓይን፣ ባለ 5 ዓይን አጫጭር ዘንግ 12 ያህል ይቀራሉ፤ በ4.8 ሜትር ላይ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ይደርሳል። ሲመረጥ ከክንዱ በታች ወይም ከጎን ወጥቶ ወደ ታች የሚያመለክተው ይቀደማል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመው የወፈረ ቢሆንም ይወገዳል፤ የሚያወጣው ቀንበጥ ወደ ሰማይ ይሮጣልና። ከእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ዓይን ያላት ጉቶ ትተዋለች፤ የከርሞው ዘንግ የሚወጣው ከእሷ ነው። ይህች ጉቶ ከተረሳች፣ ፍሬያማው ቦታ በየዓመቱ ከክንዱ እየራቀ ይሄድና በአምስት ዓመት ውስጥ ክንዱ ራቁቱን ይቀራል።

ማበጠር

የዚህ አሠራር ነፍስ ሽቦው አይደለም፤ በሰኔ የሚደረገው የእጅ ሥራ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም እንደኛ «ማበጠር» ይሉታል፣ የጠጉር ማበጠር። ሠራተኛው በረድፉ ጎን እየሄደ፣ በሽቦው ላይ አግድም የሚሮጠውንና ወደ መሐል የሚያዘነብለውን ቀንበጥ ይይዝና ወደ ውጭና ወደ ታች ይመልሰዋል። ሲጨርስ መጋረጃው ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከላይ ሰማይ የሚታይበት ክፍት ቦታ አለ።

ጊዜው ጠባብ ነው። በዚያ አካባቢ ኮንኮርድ የሚያብበው በሰኔ አጋማሽ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ከአበባው እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል። ቀድሞ ከተነካ ቀንበጡ ከሥሩ እንደ ቃሪያ ይቀነጠሳል። ከዘገየ ደግሞ የመጠምጠሚያው ክሮች ሽቦውንና ጎረቤቱን ጨብጠው እንጨት ይሆናሉ፤ ማበጠሩ መቅደድ ይሆናል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ዙር ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ጊዜ አጭር የነበረው አሁን ረዝሟልና። ለእጅ ሥራው ማገዣ የሚሆን ማሽን በኋላ ቢመጣም፣ ጊዜውን አያራዝምም።

ወደ ታች መመለሱ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? ቀንበጥ ወደ ላይ ሲያድግ ሥሩ፣ ማለትም ፍሬውና የከርሞው ዓይን ያሉበት ቦታ፣ ከታች ነው፤ ቅጠሉ ከላይ ይሸፍነዋል። ሲገለበጥ ግን ሥሩ ከሁሉ በላይ ይሆናል፤ ፀሐይ መጀመሪያ የምትደርሰው እሱጋ ነው። ጥላው የሚወድቀው በተንጠለጠለው ጫፍ ላይ፣ ማለትም በክረምት ተቆርጦ በሚጣለው እንጨት ላይ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ ታች የወረደ ቀንበጥ እድገቱ ይገታል፣ ጉልበተኛው ተክል ልጓም ይገባለታል። የኮንኮርድ መዘንበል የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ በጠባዩ የሚወርደውን ቀንበጥ ትንሽ መምራት ብቻ በቂ ነው።

ምን ተገኘ፣ ምን ተበላሸ

በጠንካራ የኮንኮርድ ተክሎች ላይ ምርቱ እስከ ግማሽ ያህል ሲጨምር የስኳሩ መጠን አልወረደም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በወይን እርሻ ምርት ሲበዛ ስኳር መውረዱ እንደ ሕግ የሚቆጠር ነበር፤ ጭማቂ ፋብሪካ ደግሞ በስኳር ልክ ይቀበላል። ጭማሪው የመጣው ከሁለት ወገን ነው፦ ብርሃን ያገኘ ዓይን ብዙና ትልልቅ ዘለላ ስለሚያወጣ፣ እንዲሁም ለዓይኑ ቦታ ስለተገኘለት። በኋላ የተደረጉ ልኬቶችም ይህንኑ ይደግፋሉ፤ አንድ ኪሎ ፍሬ ለማብሰል በነጠላ ግድግዳ ላይ ከ0.8 እስከ 1.2 ካሬ ሜትር ቅጠል ሲያስፈልግ፣ በተከፈለ መጋረጃ ከ0.5 እስከ 0.8 ይበቃል። ቅጠሉ ያው ቅጠል ሆኖ ሥራ ፈቱ ስለቀነሰ ነው።

ያልተበጠረ ድርብ መጋረጃ ግን ከአሮጌው ይከፋል። ቀንበጡ በመሐሉ ተሻግሮ ይገናኝና 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ ይሠራል፤ የውስጠኛው ገጽ በሙሉ ጨለማ ነው፣ እርጥበቱ አይወጣም፣ ጥቁር ብስባሽና ሌላው ሻጋታ መጠለያ ያገኛል፣ የመርጫው ጭጋግም አይደርስበትም። ገንዘቡ ለሽቦ ወጥቶ የተገዛው ጥላ ነው። በሰኔ በቂ እጅ እንደሚያገኝ ያላረጋገጠ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በሐምሌ ቀትር ላይ ከረድፉ ሥር ያለውን መሬት ማየት። በሁለቱ መጋረጃዎች መሐል የብርሃን መስመር ካልታየ ማበጠሩ አልተሠራም ወይም ተክሉ ከዚህም አልፏል።

ሁለተኛው ስሕተት ደካማ ተክልን መክፈል ነው። ግራዡ በሜትር ከ0.3 ኪሎ በታች የሆነ ተክል ጥላ የለበትም፤ ችግሩ ሌላ ነው። ሥሩ ይሆናል፣ ውኃው፣ አረሙ ወይም አፈሩ። እሱን ለሁለት መክፈል ብርሃንን በባዶ ሽቦ መሐል ማሳለፍ ነው። ሾሊስ ራሱ ኮንኮርድን ኩደርክ 3309 በተባለ የሌላ ወይን ሥር ላይ እያጣበቀ የተክሉን ጉልበት ለመጨመር ሠርቷል። ጉልበቱ መጀመሪያ፣ መክፈሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ችግር ከማሳው ውጭ የመጣ ነው። ሾሊስ ከኮርኔሉ የግብርና መሐንዲስ ከስታንሊ ሼፐርድሰን ጋር የለቀማ ማሽን ሲሠራ፣ ለድርብ መጋረጃ የታሰበው ሽቦውን ከታች ወደ ላይ የሚመታ ነበር፤ ክንፎቹ መንቀሳቀስ የሚችሉትም ለዚህ ነው። በገበያ የተስፋፉት ግን ረድፉን እግራቸው ውስጥ አስገብተው ጎን ለጎን የሚያረግፉት ማሽኖች ሆኑ፤ እነዚህ ጠባብ ነጠላ ግድግዳ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ብዙ የኮንኮርድ አምራች ግማሹን ሐሳብ ወሰደ፦ ነጠላ ሽቦ፣ ግን ከፍ ያለ፣ ቀንበጡም ወደ ታች የሚንጠለጠል። እንደኔ ግምት ከጥናቱ የተረፈው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ድርቡ ሽቦ ቀርቶ እንኳ፣ ፍሬያማውን ዓይን ፀሐይ ላይ የማስቀመጥ መርሕ ሠርቷል።

ከጄኔቫ ውጭ

ሐሳቡ በሰው እግር ተጓዘ። በኮርኔል ከሾሊስ ዘንድ የተማረው አውስትራሊያዊው ሪቻርድ ስማርት በ1980ዎቹ በኒውዚላንድ ሠርቶበታል፤ ከላይ የጠቀስናቸው የ15 ቀንበጥና የ0.3–0.6 ኪሎ መለኪያዎችም በስፋት የታወቁት በእሱ ትምህርት ነው። በቦርዶ አላን ካርቦኖ ያወጣው «ክራር» የሚባለው ቅርጽ ደግሞ መጋረጃዎቹን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጎ ያቆማቸዋል። ይህ የሆነው የአውሮፓ ዝርያዎች ጠባይ ሌላ ስለሆነ ነው፤ ካቤርኔ ሶቪኞንን የመሰለ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ወይን ሲበጠር ይሰበራል ወይም ተመልሶ ይነሳል። በጣሊያን ቦሎኛ ቼዛሬ ኢንትሪየሪ ድርብ መጋረጃን ከማሽን ግረዛ ጋር አስማምቶታል። እንደ ኮንኮርድ የሚዘነበል ዝርያ ያለው ሰው ግን የመጀመሪያውን ቢይዝ ይበቃዋል፤ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ጓሮው ሁለት ሦስት ግንድ ያለውም ቢሆን።

በስምጥ ሸለቆ፣ በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ያለው ሁኔታ ለየት ይላል። እዚያ የተተከሉት እንደ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ ያሉ የአውሮፓ ዝርያዎች ናቸው፤ አፈሩም አሸዋማ ነው። ተክሉን የሚያስተኛ የበረዶ ክረምት ስለሌለ ዓመቱን የሚከፍለው መቀሱ ነው፤ ዓይኖቹም ከግረዛ በኋላ እኩል ላይፈነዱ ይችላሉ። በዚህ ላይ ቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ትቆማለች። ፍሬን ከቅጠል በላይ የሚያወጣ አሠራር በኒውዮርክ ሰማይ ሥር በረከት ሲሆን፣ እዚህ ዘለላውን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ሊቀዳ የሚገባው የሽቦው ቅርጽ ሳይሆን አካሄዱ ነው። መጀመሪያ ግራዡ ይመዘናል። በሜትር ከ0.6 ኪሎ ካለፈ መክፈል ያዋጣል፣ ምናልባትም በክራር ቅርጽ፣ ፍሬው ከቅጠል በታች ሆኖ። ከ0.3 በታች ከሆነ ግን ገንዘቡ ለሽቦ ሳይሆን ለፍግና ለጠብታ መስኖ ይውላል። በሁለቱ መካከል ላለ ተክል ነጠላ ግድግዳ ይበቃል፤ ሁለት ረድፍ ብቻ ለሙከራ ተከፍሎ፣ ከአጠገቡ ካልተከፈለው ጋር ለሁለት መኸር ፍሬው በኪሎ፣ ስኳሩም በብሪክስ ይመዘገባል። ሁለተኛው መኸር የግድ ነው፤ የመጀመሪያው ዘለላ ገና በአሮጌው ጥላ ሥር የተፀነሰ ነውና።